መልስ፦ የልጄ ፎቶ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ መውጣቱ ያሳስባል?

እህቴ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅሽ ፎቶ ከነሙሉ ስሟና ከነክፍሏ በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ላይ ወጥቶ «አጋነንሁ እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አላጋነንሽም። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ሁለት ልጆቼን አስተምራለሁ። የወላጅ ስብሰባና የፈተና ቀን በቻናል መስማቱን እወደዋለሁ፤ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ከሚቀረው ወረቀት ይሻላል። ነገር ግን ለሁሉም ክፍት የሆነን ቻናል ማንም ከየትም ሆኖ ይከፍተዋል። ልጆቹ የፋሲል ግንብን ሲጎበኙ የተነሡት የጋራ ፎቶ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ፊት፣ ስም፣ ክፍልና የመውጫ ሰዓት አንድ ላይ ሲገኙ ነው፤ በር ላይ ቆሞ «እናትሽ ልካኝ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

ርእሰ መምህሩን በጨዋነት አነጋግሪያቸው። ቻናሉ የግል እንዲሆን፣ ስምም እንዲቀር ጠይቂ፤ ቴሌግራም ይዘት እንዳይቀዳ የሚከለክል ማስተካከያም አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ጥያቄሽ የሕግ መሠረት አለው።

ልጅሽ በአንቺ ስልክ የምትጠቀም ከሆነ፣ በቴሌግራሙ ማስተካከያ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ቡድን የሚያስገባሽም የምታውቂው ሰው ብቻ እንዲሆን አድርጊ። ቲክቶክና ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የራሳቸውን ገጽ እንዲከፍቱ አይፈቅዱም። የእኔዋ ግን የልደት ዓመቷን ቀይራ ገብታ ነበር፤ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። ስልኩን አልነጠቅኋትም። ነጥቄያት ቢሆን ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት የማታውቀው ሰው ሲጽፍላት ሮጣ አታሳየኝም ነበር።