መልስ፦ የባትማን ኮሚክስ ከየት ልጀምር? ፒያሳ ያየሁት ቲሸርትስ ይገዛል?

ወንድሜ፣ ከ1939 እ.ኤ.አ. መነሻው አትጀምር፣ ይሰለቻል። የ1987ቱን «ባትማን፦ ዪር ዋን» ያዝ፤ «ባትማን» ከሚባለው ተከታታይ ኮሚክ ከቁጥር 404 እስከ 407፣ አራት ዕትም ብቻ ነው፤ ቀድመህ ማወቅ ያለብህ ነገርም የለም።

ቲሸርቱን ግን ሳትፈትን እንዳትከፍል። የሌሊት ወፏን ምልክት ግራና ቀኝ ይዘህ ቀስ ብለህ ለጠጥ አድርገው። ቀለሙ ከጨርቁ ጋር አብሮ ከተሳበ ጥሩ ነው። ጫፉ እንደ ላስቲክ ከተነሳ ወይም ስንጥቅ ካሳየ በሙቀት የተለጠፈ ርካሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ይላጣል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ያስጠላል። ከገዛኸው ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው፣ ጥላ ላይ አስጣው፣ ህትመቱን ካውያ አታስነካው። ሻጩ «ኦሪጅናል» ካለህ አንገቱ ላይ ወይም ህትመቱ አጠገብ የዲሲን (የባትማን ኮሚክስ አሳታሚ) የመብት ጽሑፍ ፈልግ፤ ከሌለ በኮፒ ዋጋ ተከራከር።