የጅማ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ፦ ማኅበር፣ ደመወዝ፣ የቡና ሚዛን፣ የዓረብ አገር ኮንትራት

ጥያቄዎቹ ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሊሙ የተሰበሰቡ ናቸው። መልስ የሚሰጠው በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የጥናትና የድርድር ሥራ የሚሠራ አባል ነው። «አዋጁ» በተባለበት ቦታ ሁሉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በቡና ማበጠሪያ መጋዘን የምንሠራ 34 ሰዎች ነን። ማኅበር ለማቋቋም እንበቃለን? አሠሪው ካልፈቀደስ?

በቂ ናችሁ። አዋጁ የሚጠይቀው 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅትና ከ10 ያላነሰ አባል ብቻ ነው። የአሠሪ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተሰጠ መብት ነው።

መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ታረቃላችሁ። ቀጥሎ መሥራች ጉባኤ ተጠርቶ ደንቡ ይጸድቃል፣ መሪዎች ይመረጣሉ፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ከዚያ ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ አያይዛችሁ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታስገባላችሁ። መሥሪያ ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ የምዝገባ ምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ዝም ካለ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል።

ብዙዎች የሚወድቁት እዚች ላይ ነው። ማመልከቻውን ለአንድ ባለሙያ በእጅ ሰጥተው ይመለሳሉ። 15 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ሲጠየቁ መልስ የላቸውም። መዝገብ ቤት ገብታችሁ ቅጂያችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ፣ ያለዚያ አትውጡ።

ሌላው ችግር የፈረቃ ኃላፊ ነው። አሠሪዎች «እሱ የሥራ መሪ ስለሆነ አባል መሆን አይችልም» ይላሉ። የሥራ መሪ የሚባለው ግን የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለው ነው። ሰው ቆጥሮ ሥራ የሚደለድል ካቦ ይህ ሥልጣን ከሌለው ሠራተኛ ነው። የፈራሚዎቹን ዝርዝር ደግሞ እስኪመዘገብ ድረስ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። በማኅበር አባልነት ምክንያት ማሰናበት የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም ሰውን አባሮ «ሥራ ቀንሷል» ማለት የተለመደ ዘዴ ነው። እንዲህ ከሆነ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ለሽምግልና እየተባለ ወሩ የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ለኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ በጽሑፍ ለሚፈራረሙት ውል) ድርድር እየተዘጋጀ ነው። ከ600 በላይ ነን። አሠሪው ሁልጊዜ «ጥሩ እከፍላለሁ፣ አቅሜ ይህ ነው» ይላል። ምን ይዘን እንቅረብ?

የድርድር ጥሪውን በጽሑፍ ስጡ፤ የተጠራው ወገን በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁ የደመወዝ ጥናት ይኑራችሁ።

600 ሰው በሙሉ መጠየቅ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚወደደው ቀመር (የሠራተኛው ቁጥር የሚካፈለው ለዚህ ነው፦ 1 ሲደመር የሠራተኛው ቁጥር በስሕተት መጠኑ ካሬ ተባዝቶ) በ5 በመቶ ስሕተት 240 ሰው ይሰጣችኋል፣ በ7 በመቶ ወደ 153 ይወርዳል። እኔ ከቀመሩ ይልቅ የምጨነቀው ለክፍፍሉ ነው። በመጀመሪያ ሠራተኛውን በክፍል፣ በፈረቃ፣ በጾታና በአገልግሎት ዘመን ከፋፍሉት፤ ከእያንዳንዱ እንደ ብዛቱ ውሰዱ። የሌሊት ፈረቃ ከተዘለለ ጥናቱ ስለ ቀን ሠራተኛ ብቻ ይሆናል፣ አሠሪውም ይህንን ቶሎ ያየዋል።

«ስንት ይከፈልሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። የ12 ወር የደመወዝ ወረቀት በስልክ ፎቶ ይነሣ። መነሻ ደመወዝ፣ አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ቅጣትና ሌላ ተቀናሽ ለየብቻ ይመዝገብ። በፍርድ ቤት ትእዛዝም ሆነ በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ይህ ሲጣስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተቀናሾቹ ዓምድ ውስጥ ነው።

አማካይ ላይ ተጠንቀቁ። በአንድ ክፍል 5 ሰው አለ እንበል፦ 2,500፣ 2,500፣ 2,700፣ 2,800 እና 9,500 ብር። አማካዩ 4,000 ብር ይወጣል፤ 4,000 የሚያገኝ ግን አንድም ሰው የለም። ደመወዙን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ፦ 2,700። አሠሪው አማካይ ይዞ ሲመጣ ደረጃ በደረጃ እንዲዘረዝር ጠይቁት።

ከዚያ የኑሮ ውድነቱን አስገቡ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ ግሽበት መለኪያ አለ። ለምሳሌ ባለፈው ስምምነት ጊዜ ደመወዙ 3,000፣ መለኪያው 100 ነበር እንበል። ዛሬ ደመወዙ 4,000፣ መለኪያው 160 ቢሆን 4,000 ለ160 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 2,500 ይሆናል። ማለትም በወረቀት 1,000 ብር ጨምሮ በመግዛት አቅም 500 ብር ጎድሏል። ድሮ የነበረበት ቦታ ለመመለስ ብቻ 4,800 ያስፈልጋል። ጭማሪ የሚጠየቀው ከዚህ በላይ ነው። ይህን አንድ ገጽ ላይ አስፍራችሁ ለአባላት አስቀድማችሁ አንብቡላቸው፤ ተደራዳሪው ብቻ የሚያውቀው ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ቶሎ ይረክሳል።

ስምምነቱ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት ለ3 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ለሦስቱም ዓመት የሚሆን የጭማሪ አንቀጽ ይግባበት። ዛሬ 20 በመቶ አግኝቶ ሁለት ዓመት ዝም ማለት ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ትርፍ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ በወር 208 ሰዓት ይሆናል። ደመወዝህን ለ208 አካፍል። 4,160 ብር የሚከፈለው ሰው በሰዓት 20 ብር ያገኛል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75 ተባዝቶ 35 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ነው። ጣራው በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። አንዳንድ ፔሮል አሁንም በድሮው አዋጅ 1.25 ያሰላል፤ ሶፍትዌሩ ስላልተስተካከለ ይሆናል፣ ሆን ተብሎም ይሆናል። ለገንዘቡ ልዩነት ያለው የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 6 ወር ስለሆነ የዓመት ውዝፍ ይዞ መምጣት አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከዳውሮ መጥተን በእርሻ ላይ እሸት ቡና እንለቅማለን። የሚከፈለን በኪሎ ነው። ሚዛኑን አናምነውም፤ ማንን እንጠይቅ?

ከመጠየቃችሁ በፊት ለኩት። 20 ሊትር ውሃ ለክታችሁ ጄሪካን ውስጥ ጨምሩና አስቀምጡበት፤ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፣ የባዶ ጄሪካኑን ክብደት ሌላ ጥሩ ሚዛን ላይ አስቀድማችሁ እወቁ። ሚዛኑ 18 ካነበበ ከእያንዳንዱ 20 ኪሎ ከ2 ኪሎ በላይ እየተወሰደ ነው። ሙከራውን ጠዋትና ማታ ድገሙት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ሁለት ሰው ይፈርም።

ሌላው ሌባ የከረጢት ቅናሽ ነው። «ለጆንያ 1 ኪሎ» ተብሎ ይቀነሳል። የቃጫ ጆንያ ከሆነ ብዙም አይርቅም፤ የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ግን 100 ግራም ገደማ ነው። በቀን 4 ጊዜ የሚያስመዝን ሰው በዚህ ብቻ 3.6 ኪሎ ያጣል፣ በ25 የሥራ ቀን 90 ኪሎ። ስለዚህ «ለኪሎ 2 ብር ጨምሩልን» ከማለት በፊት «ከረጢቱን መዝኑና ልኩን ቀንሱ» ማለት የበለጠ ያስገኛል። እምቢ ለማለትም ይከብዳል።

ይህን የሚያጠና ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል። አንዲት እናት 60 ኪሎ አስመዘነች ተብሎ ሲጻፍ ከጎኗ ስንት እጅ እንደለቀመ አይጻፍም። ሁለት ልጆች አብረው ከለቀሙ የአንድ ሰው የቀን ገቢ በሦስት መከፈል አለበት። ካልተከፈለ «ለቃሚ በቀን ይህን ያህል ያገኛል» የሚለው ቁጥር ባዶ ነው። በአዋጁ መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ በመዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ግን እንዳልተቀጠረ ሆኖ ያልፋል።

ጥያቄ፦ እኛ የወቅት ሠራተኞች ነን፤ የማኅበር አባል መሆን እንችላለን? ውልም አልጻፉልንም።

ሕጉ አይከለክላችሁም። በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ሊሠራ ይችላል፣ ሠራተኛው ግን ሠራተኛ ነው። የሚያግደው ብዙ ጊዜ የማኅበሩ የራሱ ደንብ ነው፤ «ቋሚ ሠራተኛ» የምትል ቃል ትገኝበታለች። እሷን በጉባኤ አውጧት። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ፊርማ ያለበት ወረቀት መስጠት አለበት። ባይሰጥም መብታችሁ አይጠፋም፤ የክፍያ ካርዳችሁን አትጣሉ።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ነው?

አዋጁ ለግል ድርጅቶች ቁጥር አላስቀመጠም፤ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አለፈ። ለመንግሥት ሠራተኛ የወጣ እርከን ለእናንተ ድርጅት አያገለግልም። ስለዚህ ዛሬ የወለሉ ቁጥር የሚወሰነው በኅብረት ስምምነታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እህቴን አንድ የሰፈር ሰው ወደ ሳዑዲ ሊልካት ነው። ለቪዛና ለቲኬት ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ላም ልንሸጥ ነው።

ላሟን አትሽጡ፣ ቆዩ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ1246/2013 ተሻሽሏል) መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እና መድን የሚከፍለው አሠሪው ነው። እህትሽ የምትከፍለው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ እና የብቃት ማረጋገጫ ወጪ ነው። ስለዚህ «ለቪዛ» ብሎ የጠየቀው ሰው ወይ ኤጀንሲ አይደለም፣ ወይ ሁለት ጊዜ እየተቀበለ ነው።

ኤጀንሲ ከሆነ ፈቃዱን በዞኑ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የጸደቀ መሆን አለበት። በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ትሄዳለች ካለ ጨርሶ አትቀበሉ፤ እዚያ ስትደርስ ውል የላትም፣ አሠሪው ቢያባርራት ሕገ ወጥ ሆና የምትያዘው እሷ ናት። የውሉን እያንዳንዱን ገጽና የፓስፖርቱን ቅጂ ቤት አስቀሩ። እስካሁን የከፈላችሁት ካለ የባንክ ደረሰኙን ወይም የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፤ እጅ በእጅ የተሰጠ ብር ማስረጃ የለውም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከዓረብ አገር ተመላሾችን እያጠናሁ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ነው የማገኛቸው። ይበቃል?

ከአንድ ሰው ጀምረህ ከሄድክ ሁሉንም በአንድ ደላላ የሄዱ ሰዎች ታገኛለህ፣ ውጤቱም የደላላው ታሪክ ይሆናል። ከአራት ወይም አምስት የማይተዋወቁ በሮች ጀምር፦ ከቀበሌ፣ ከእድር፣ ከመስጊድ፣ ከገበያ፣ ከሌላ ወረዳ።

ቀን ስትጠይቅ የሳዑዲ ተመላሽ ብዙ ጊዜ በሂጅራ ወር ነው የሚያስታውሰው። «ከረመዳን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በል። ለትልልቁ ጊዜ ደግሞ ተመላሹ የሚያስታውሳቸውን ምልክቶች ተጠቀም፦ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ጉዞ በ2006 መጀመሪያ መታገዱ፣ በዚያው ዓመት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ መመለሱ፣ እገዳው በ2010 መነሣቱ። ወጪን በድምር አትጠይቅ፣ በየዝርዝሩ ጠይቅ፤ ፓስፖርት፣ አዲስ አበባ ማደሪያ፣ ሕክምና፣ ደላላ፣ የተበደሩት ብር ወለድ። በድምር ሲጠየቅ ወለዱ ሁልጊዜ ይረሳል። በውሉ የተጻፈውን ደመወዝና እጅ የገባውን ለየብቻ አስፍር። ስም አትጻፍ፣ መለያ ቁጥር ስጥ። ስለ በደል የሚጠይቀውን ክፍል መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ለሴቶች ሴት ጠያቂ ትላክ፣ መጠይቁም በኦሮምኛና በአማርኛ ይዘጋጅ።

ጥያቄ፦ በሰው ቤት የምሠራ ነኝ። አዋጁ ለእኔ ይሠራል?

አይሠራም። ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። ደመወዝሽን፣ የዕረፍት ቀንሽንና የምትሰናበችበትን ሁኔታ ሁለት ምስክር ባለበት አንድ ገጽ ላይ አጽፊ፤ ክርክር ቢነሣ እንደ ውል ይቆጠርልሻል።

ጥያቄ፦ ድርድሩ ከከሸፈ ሥራ ማቆም እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ግን ሥርዓቱን ከሳታችሁ ሕገ ወጥ ይባላል። መጀመሪያ ለማስማማት መሞከር አለበት። ከአባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው መደገፍ አለበት። 150 አባል ካላችሁ 100 ሰው መገኘት፣ ከ100ው 51 መደገፍ አለበት። ለአሠሪውም ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ከነምክንያቱ 10 ቀን አስቀድሞ ይገለጻል። ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆነ 30 ቀን ሳይሞላ አይቻልም። ውሃ፣ መብራት፣ ሆስፒታልና የመሳሰሉት ላይ አድማ ክልክል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ብዛት፣ የድጋፍና የተቃውሞ ድምፅ ቁጥር፣ የማስታወቂያው ደብዳቤ የገቢ ቁጥርና ቀን ይስፈሩ። የተገኙትም ሁሉ በስማቸው ፊት ይፈርሙ።