ጥያቄ አለኝ፦ ኦርካን ከኦርካ በምን ይለያሉ?

ጥያቄ፦ እዚህ ሐረር ጅብ የሚያበሉ ሰዎች ጅቦቹን አንድ በአንድ ለይተው በስም ይጠራሉ። ኦርካ ወይም ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው ግን ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው። አጥኚዎቹ በምን ይለዩታል? መለየቱስ ባሕሩ መለወጡን ለማወቅ ምን ይጠቅማል? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ጅብ በነጠብጣቡና በተቀደደ ጆሮው ይለያል፤ ኦርካ ደግሞ በጀርባው። (ስሙ ዓሣ ነባሪ ይሁን እንጂ በዘሩ ዶልፊን ነው።) ለመተንፈስ ብቅ ሲል የጀርባ ክንፉና ከክንፉ ኋላ ያለው ግራጫ ምልክት ይታያል። ምልክቱን «ኮርቻ» ይሉታል፤ ቦታውም የኮርቻ ነው። የክንፉ ስንጥቅና የኮርቻው ጭረት ከአንዱ አንዱ ይለያያል። በዚህ መንገድ በፎቶ መቁጠርን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በካናዳ ምዕራብ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ የጀመረው ካናዳዊው ማይክል ቢግ ነው።

ጀልባዋ ከእንስሳው ጎን እኩል ትሄዳለች፤ ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትሁን። ሁለቱም ስለሚናወጡ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ካልሆነ ጭረቱ ይደበዝዛል። ግራና ቀኝ ኮርቻው አንድ ዓይነት ስላልሆነ መዝገቡ የግራ ጎን ከሆነ የቀኝ ፎቶ ብቻውን አያስተማምንም። ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ዓይን ቁመቱ እስከ 1.8 ሜትር በሚደርሰው የወንዱ ክንፍ ይማረክና ሴቶቹና ግልገሎቹ ሳይነሡ ይቀራሉ፤ ቆጠራውም ይጎድላል። የአራስ ግልገል ኮርቻ ደብዛዛ ስለሆነ የሚመዘገበው አጠገቧ በሚዋኝላት እናቱ ነው።

ወንድ ጅብ ሲጎለምስ መንጋውን ጥሎ ይሄዳል። ሳልሞን የተባለውን ዓሣ የሚበሉት «ነዋሪ» ኦርካዎች ግን ወንዱም ሴቷም ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። ስለዚህ እናትና እህቶች ደጋግመው ታይተው አንዱ ከጠፋ ሞቷል ተብሎ ይያዛል። በአንድ ቀን መቅረት ግን አይፈረድም፤ ማዕበል ጋርዶት ሊሆን ይችላል። የባሕር አጥቢዎችን የሚያድኑት ኦርካዎች ከቤተሰብ ስለሚነጠሉ ለእነሱ ይህ ስሌት አይሠራም።

የባሕሩ ለውጥ የሚነበበውም ከዚሁ መዝገብ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር አካባቢ ያሉት «የደቡብ ነዋሪ» የሚባሉት ኦርካዎች ቁጥራቸው ከ80 በታች ነው፤ ዋና ምግባቸው ቺኑክ የሚባለው የሳልሞን ዓይነት እያነሰ ነው። ድሮን ከ30 ሜትር በላይ ሆኖ ከላይ ያነሣቸዋል፤ ከፍታው በሌዘር ካልተለካ የውፍረቱ ልኬት ይዛባል። የተራበ ኦርካ ከራስ ቅሉ ኋላ ያለው ስብ ይቀልጥና አንገት ያወጣል፤ ከላይ ሲያዩት ከራሱ ኋላ፣ ከነቅርፊቱ እንዳለ የባቢሌ ኦቾሎኒ መሃል፣ ጠበብ ያለ ነው። ይህ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ቀድሞ የሚናገረው ዓይነ ምድሩ ነው፦ ሽታውን የሚከተል የሠለጠነ ውሻ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሆኖ ያመላክታል፣ ከመስጠሙ በፊት በመረብ ይጨለፋል፣ ሆርሞኑ ይመረመራል። ከ2008 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በተሰበሰበው መሠረት በእነዚህ ኦርካዎች ዘንድ እስከ 69 በመቶ የሚሆነው እርግዝና ሳይሳካ ቀርቷል፤ አጥኚዎቹም ከሳልሞኑ ማነስ ጋር አያይዘውታል። የመርከብ ድምፅም አለ። ኦርካ ዓሣውን የሚያገኘው ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመስማት ነውና ጩኸቱ አደኑን ያውከዋል።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ላይ የሚታየው ነጠብጣባም ግዙፍ እንስሳስ ኦርካ ነው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ አይደለም፣ ዓሣ ነው፤ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይባላል። ጅራቱን ይዩት፦ የዓሣ ጅራት ቆሞ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ የኦርካ ግን ተኝቶ ላይና ታች ይመታል። ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ጅቡቲ ባለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ፕላንክተን (በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት) ሊበላ ይመጣል። የሚለየው ከስንጥባው ኋላ ባለው የነጠብጣብ አቀማመጥ ነው፤ ፎቶዎቹን የሚያመሳስለው ፕሮግራም ከዋክብትን ለማመሳሰል ከተሠራ ስሌት የተወሰደ ነው። እዚያ ከሄዱ ግራ ጎኑን ትይዩ ሆነው፣ ፍላሽ አጥፍተው ያንሡ፤ ከሰውነቱ 3፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ይራቁ።