መነጽር ማውለቅ ለምትፈልጉ፦ የሌዘር ሕክምና ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የዓይን ምርመራ ነው። ስለ ላሲክ፣ ማለትም ኮርኒያን (የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን) በሌዘር ልጎ ቁጥርን ስለማስተካከል ጠይቁኝ፤ ዕድሜያችሁንና የመነጽር ቁጥራችሁን ግን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ማይነስ 8 ናቸው። የኮርኒያዬ ውፍረት 480 ማይክሮን ነው ተብያለሁ። ላሲክ ይሆነኛል?

መልስ፦ እንዲህ ተሟልቶ ሲጠየቅ ደስ ይላል። አብረን እናስላ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። መጀመሪያ 110 ማይክሮን ገደማ የሚሆን ስስ ልባስ ከኮርኒያው ላይ ይገለጣል። ከሥሩ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ቁጥር 15 ማይክሮን ያህል ይልጋል፤ ላንተ 120 መሆኑ ነው። ከ480 ላይ 230 ሲነሳ 250 ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ ብዙ ሐኪሞች 300 እንዲተርፍ ይፈልጋሉ። ላሲክን ተወውና ዓይን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሌንስ ሐኪምህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። የሚሠሩትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ያሳክከኛል፤ አሁንም አሻለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ማሸት አቁም! ዓይንን በጉልበት ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባለው በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። በዚህ ላይ ሌዘር መጨመር የደከመን ግድግዳ መሸርሸር ነው። አንድ ወጣት መነጽሩ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረበት መጣ፤ እያወራኝ እንኳ ዓይኑን በጣቱ አንጓ ያሽ ነበር። የኮርኒያው ቅርጽ በመሣሪያ ተለክቶ በቀለም ካርታ ሲነሳ የታችኛው ክፍል ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ቀይ ማለት የሾለ ቦታ ነው። የላሲክ ቀጠሮ ይዞ ነበር! እባካችሁ፣ የኮርኒያ ካርታ ሳይነሳ ማንም ዓይናችሁን በሌዘር አይንካ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ከካርታው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል አውልቁት፤ የኮርኒያውን ቅርጽ ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ለእኔስ ይሆናል?

መልስ፦ ዕድሜ የለ፣ ቁጥር የለ። ምን ብዬ ልመልስ? ከላይ ያለውን አንብቡ።

አንድ አባል፦ እህቴ ላሲክ ካደረገች ወዲህ ዓይኗ እየደረቀ ተሠቃይታለች።

ሌላ አባል፦ ኮምፒውተር ላይ ስለምትውል ነው እንጂ ላሲክ ምን አደረገ?

የመጀመሪያው አባል፦ ከዚያ በፊትም ኮምፒውተር ላይ ትውል ነበር!

መልስ፦ አትጣሉ። ልባሱ ሲገለጥ የኮርኒያው ነርቮች ይቆረጣሉ፤ ለወራት እንባ ይቀንሳል። ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ደግሞ ዓይናችንን የምናርገበግበው ጥቂት ነው፤ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ የዓይን ሞራ አለባቸው። ላሲክ ያድናቸዋል?

መልስ፦ አያድናቸውም። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ማይነስ 3። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ካርታ ግን አላነሱኝም፤ ቁጥሬ ትንሽ ስለሆነ ግድ የለም ብለውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ኬራቶኮነስ የቁጥር ማነስ አያግደውም። ቀጠሮውን አሁኑኑ ደውለሽ አዘዋውሪ፤ ካርታውን ስታነሺ ውጤቱን ጻፊልኝ።