ጽዋውን ማን ተረከበ?

ውጭ አገር ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደ ታላቅ እህት ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ቀዘቀዘ ብላችሁ የምትጨነቁ ሁሉ፣ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ማዕዱን ተመልከቱ።

ከቅዳሴ በኋላ መብላቱ እኮ አልቀረም። ምግቡ ከሬስቶራንት ታዞ ይመጣል፣ ተሰልፈን በወረቀት ሳህን እንቀበላለን፣ ከምናውቀው ሰው ጋር ቆመን በልተን ወደ መኪናችን እንሮጣለን። የጠፋው ተራው ነው። አገር ቤት ሰንበቴው በየተራ ነበር፤ የጽዋ ማኅበሩም በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም ይሰበሰብና ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ባለተራው ጽዋውን ይረከባል። ጽዋው ቤትህ ከገባ በወሩ ሰው ይጠብቅሃል። ብትታመም ይሰማል፣ ብትቀር ትፈለጋለህ።

አንድ እሑድ አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ። ኮባ የለም፣ በፎይል ጠቅልለው ኦቨን ውስጥ ነው የጋገሩት፤ ጥቁር አዝሙዱ ግን አዳራሹን አወደው። በር ላይ ጃኬቱን እየለበሰ የነበረ ወጣት ጠርተው "ና ልጄ፣ ሳትቀምስማ አትሄድም" ብለው ቁራሹን አስጨበጡት። ሌሊት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ስምንት ወር አብሮን ሲያስቀድስ ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። "የሚቀጥለውን ተራ ለእኔ ስጡኝ" ያለው እሱ ነው።

ተራውን በአምስት ስድስት ቤተሰብ ጀምሩ። ድግስ አታድርጉት፤ ፉክክር ከገባ አቅም የሌለው ይሸሻል። ሽሮና ምስር ይበቃል፣ በዐቢይ ጾምማ እሑድም ቢሆን ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ጭራሽ ይቀላል። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ቆሎም ይሁን ውሃ ይዞ ይምጣ፣ ብቻ ተራው አይለፈው። ዳቦውን ልጆቻችሁ ያዙሩ፤ አማርኛቸው ባይጠራም ሰው ይለምዳሉ። ወንዶች፣ ሳህን ማጠቡ የእናንተም ሥራ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ሲኖዶሱ ተከፍሎ በነበረ ጊዜ ስንቱ ወዳጅ ተለያየ። አባቶች ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ታርቀዋል፤ እኛ ግን ያኔ ካኮረፍነው ሰው ጋር እስካሁን አንድ ገበታ ያልቀረብን አለን። ለዚያ ሰው ደውሉለት። ቴክስት አይሁን፣ ድምፃችሁን ይስማ። አንተ ካልመጣህ ዳቦው አይቆረስም በሉት።