መልስ፦ ከባህር ዳር ሆኖ የአርክቲክ ጥናት ይሞከራል?

እህቴ፣ «የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ያደግኩት ጣና ዳር ነው። የአርክቲክ ስብሰባና ኮርስ ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በደንብ ይሆናል እንጂ!

መጀመሪያ አፔክስን ተቀላቀይ። የዋልታ ምድር ጀማሪ ተመራማሪዎች ማኅበር ነው፤ አባልነቱ በነፃ ነው። በኦንላይን የሚሰጡ ሴሚናሮች ስላሉት ከቤትሽ ሆነሽ ትጀምሪያለሽ። ትልቁ ስብሰባ የአርክቲክ ሳይንስ ሳምንት ነው፤ በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ ይካሄዳል። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክም በየጥቅምቱ የአርክቲክ ሰርክል ጉባኤ አለ፤ እሱ ግን ፖለቲካውም ይበዛዋል፣ ለጀማሪ የሳይንስ ሳምንቱን እመርጣለሁ።

ለኮርስ ከሆነ በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ማዕከል፣ ዩኒስን እዪው። 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፣ የሚያስተምረውም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ መንገዱ ግን በኖርዌይ ዋና ምድር በኩል ስለሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል። ያውም ሁለት ጊዜ የሚያስገባ፤ ስትመለሺም በዚያው ነውና።

ደግሞ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ከጣና ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ሐይቁ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ተመራማሪዎች ድርቁን በሰሜን አትላንቲክ ከተበተነው የበረዶ ግግር ጋር ያያይዙታል። አየሽ፣ የሰሜኑ በረዶ የኛን ዝናብ ነክቷል! ሰሜን ተራሮችም ላይ የጥንት በረዶ ያከማቸው የድንጋይ ክምር አለ። የጥናት ሐሳብሽን ከዚህ ጀምሪ። ረቂቁን እዚህ ለጥፊው፣ ከልቤ አነበዋለሁ።