«አያመውም» ብለሽ አትጠብቂ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ዶክተር። የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳጥበው የግራ ቆለጡ ከቀኙ ተለቅ ብሎ አገኘሁት። ስነካው ጠጠር ይላል። ልጁ ግን አያለቅስም፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል። አማቴ «ውሃ ነው፣ ሲያድግ ይጠፋል» ይላሉ። ቦታው ቦታ ሆኖ ሰው ለማማከርም አፈርኩ። ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ። በዚሁ ሳምንት ውሰጂው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጠጠር ይላል» የምትለው ላይ ቆምኩ። «አያመውም» የምትለው ደግሞ አላረጋጋችኝም። በልጆች የዘር ፍሬ ላይ የሚወጣ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ልጁ ስለማያለቅስ ወላጅ ይዘናጋል፤ ቀኑም ይሄዳል።

አማትሽ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ከሆድ ወደ ቆለጥ ከረጢቱ የሚወርደው ቀጭን መተላለፊያ ሳይዘጋ ሲቀር ውሃ ይጠራቀማል። በሕፃናት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም እስከ 1 ወይም 2 ዓመት ድረስ በራሱ ይጠፋል። የስልክ ባትሪ ስታበሪበት ብርሃን ያሳልፋል። ግን በዚህ ብቻ እንዳትረጋጊ! ዕጢ ባለበትም ውሃ አብሮ ሊቋጠር ይችላል። የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፣ በደቂቃዎች ያልቃል።

ዕጢ ስል ልብሽ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። በልጆች ላይ ብርቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚወጡትም ብዙዎቹ ካንሰር አይደሉም። ለምሳሌ ቴራቶማ የሚባለው ከጉርምስና በፊት ሲወጣ ጉዳት የሌለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የዘር ፍሬው ተርፎ ዕጢው ብቻ ይወጣል። ካንሰር የሆነው፣ ዮክ ሳክ የሚሉት፣ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። እሱም ቢሆን በጊዜ ከተደረሰበት ከ10 ልጆች ከ9 በላይ ይድናሉ። ሐኪሙ አልፋ ፊቶፕሮቲን የሚባል፣ ዮክ ሳክ ዕጢ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ ያዝ ይሆናል። ይህ ቁጥር በጨቅላነት በተፈጥሮው ከፍ ያለ ስለሆነ ከዕድሜው ጋር ተገናዝቦ ነው የሚነበበው።

አንድ አደራ አለኝ። አልትራሳውንድ ሳይታይ በመርፌ ውሃውን እንቅዳ የሚል ካለ እንዳትፈቅጂ። ዕጢ ከሆነ ሴሎቹ ወደ ከረጢቱ ቆዳ ሊዘሩ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናውም ለዚሁ ሲባል በብሽሽት በኩል ነው የሚሠራው። አንቺም ቤት ውስጥ አትጫኚው፣ አታሺው።

የሚያም ነገር ደግሞ ከመጣ ሌላ ነው፤ ያኔ ቀጠሮ የለም። ሲያለቅስ ወጥቶ ሲተኛ የሚመለስ እብጠት ቡአ ነው፤ ከወጣ በኋላ አልመለስ ብሎ ካጠጠረና ካስመለሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። የዘር ፍሬ በድንገት ሲጠማዘዝም ደሙ ይቋረጣል። ለማዳን ያለን ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው በጉርምስና ዕድሜ ነው። የዚያ ዕድሜ ልጅ ስለሚያፍር «ሆዴን» ብቻ ይላል። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው፤ ሆዱን እያሸን ሰዓቱ ያልፋል። ሆዱን ያመመውን ወንድ ልጅ ታችም አመመህ ወይ በሉት።

ስለ ማፈርሽ ጽፈሻል። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪው፦ መቼ እንዳየሽው፣ ከዚያ ወዲህ አድጎ እንደሆነ፣ የትኛው ጎን እንደሆነ። ይህን ያህል ካወቅሽ ግማሹን ሥራ ሠርተሽለታል። ውጤቱ ውሃ ብቻ ቢሆንም ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።